ለምድር ወገብ ሰማይ የሚሆን አንቴና

ከጥቂት ዓመታት በፊት የኢትዮጵያ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ከናይልሳት ወጥተው ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩ፣ በየከተማው ያለ ሰው ሁሉ ዲሹን ማስዞር ነበረበት። ናይልሳት የሚገኘው በ7 ዲግሪ ምዕራብ ነው፤ ከአዲስ አበባ ለሚያየው ወደ ምዕራብ፣ ከአድማስ 37 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ማለት ነው። ኢትዮሳት የሚጠቀምበት ኤንኤስኤስ-12 ደግሞ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ነው፤ ከአዲስ አበባ 66 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። ዲሽ ሠሪዎች ጣሪያ ለጣሪያ እየወጡ ቡሎን ፈቱ፣ ሳህኑን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ መለሱ፣ ቀና አደረጉት፣ ከታች ሪሲቨሩ ዘንድ የቆመው ሰው «መጣ!» እስኪል ድረስ በጣት ጫፍ ገፋ ሳብ ሲያደርጉ ቆዩ። ከዚያ ቡሎኑ ጠበቀ፤ ሥራው አለቀ።

ሥራው የሚያልቀው ግን ጣሪያው ስለማይሄድ ነው። ዲሹ የተተከለው አውሮፕላን ወይም መርከብ ላይ ቢሆን፣ ወይም ኔትወርክ በማይደርስበት በረሃ በሚያልፍ አምቡላንስ ላይ ቢሆን፣ ያ ገፋ ሳብ በእያንዳንዱ ሰከንድ ብዙ ጊዜ መደገም አለበት፤ ያለ ሰው እጅ፣ ያለ ዕረፍት፣ ከአንድ ዲግሪ ባነሰ ስህተት። በዚህ ሙያ ውስጥ ባለፉት ዓመታት የበላይነት ያገኘው አስተያየት፣ በሞተርና በማርሽ የሚዞር አንቴና ጊዜው አልፎበታል፣ መጪው ዘመን ምንም የማይንቀሳቀስበት የኤሌክትሮኒክስ አንቴና ነው የሚል ነው። ይህ አስተያየት በግማሹ እውነት አለው። በቀረው ግማሽ ግን እንደኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ለሆነ አገር የማይመች ነገር አለበት፤ እሱን ነው እዚህ መመርመር የምፈልገው።

ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከሞገድ ርዝመት ነው። የአንድ አንቴና ጨረር ስንት ዲግሪ እንደሚሰፋ በግርድፉ ለማወቅ፣ 70ን በሞገዱ ርዝመት አባዝቶ ለአንቴናው ስፋት ማካፈል ይበቃል። በ12 ጊጋኸርዝ ሞገዱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሳህን 3 ዲግሪ ያህል ጨረር ያወጣል። በ30 ጊጋኸርዝ ሞገዱ ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ያጥራል፤ የዚያው ሳህን ጨረር 1.2 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ጨረሩ በጠበበ ቁጥር ጉልበቱ አንድ ቦታ ላይ ይሰበሰባል። በእቅፍ የሚያዝ ሳህን ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ርቆ ከተቀመጠ ሳተላይት ጋር የሚነጋገረው በዚህ ነው። በአንጻሩ ጠባብ ጨረር ስህተትን አይታገሥም።

ዛሬ ትንሽ የምንለው ነገር በፍሪኩዌንሲው ምክንያት የመጣ መሆኑን ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1931 ካርል ጃንስኪ የተባለ የቤል ላቦራቶሪ መሐንዲስ፣ አትላንቲክን በሚያቋርጠው የሬዲዮ ስልክ ላይ የሚሰማው ሹክሹክታ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ኒው ጀርሲ ውስጥ ሆልምደል በተባለ ቦታ የሚዞር አንቴና ሠራ። የሚሠራበት ፍሪኩዌንሲ 20.5 ሜጋኸርዝ፣ ሞገዱ 14.6 ሜትር ነበር። አንቴናው 30 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ በፎርድ ሞዴል ቲ መኪና ጎማዎች ላይ ተጭኖ በየ20 ደቂቃው አንድ ጊዜ ይዞራል። ጃንስኪ በዚህ መሣሪያ ከፍኖተ ሐሊብ የሚመጣ የሬዲዮ ሞገድ አግኝቶ የሬዲዮ ሥነ ፈለክን አስጀመረ። በጎማ ላይ የሚዞረው ያ ሁሉ ዕንጨትና ብረት ከሞገዱ ጋር ሲነጻጸር ሁለት እጥፍ ብቻ ነበር። በ30 ጊጋኸርዝ ያው ንጽጽር 2 ሴንቲ ሜትር ላይ ያርፋል። አንቴናን አሳንሶ ማዞር የሚለው ሐሳብ ትርጉም ያገኘው ሞገዱ ሲያጥር ነው።

ለማዞር የመጀመሪያውና ቀላሉ መንገድ ሁለት ዘንግ ነው። አንዱ ዘንግ ሳህኑን በአራቱ ማዕዘን ዙሪያ ያዞራል፣ ሌላው ከአድማስ ወደ ላይ ያቀናል። ሞተር፣ ማርሽ፣ ኩሽኔታ፣ የተሽከርካሪውን መወዛወዝ የሚለካ ጋይሮስኮፕ፤ ከዚህ ብዙም አያልፍም። መርከቦች ለብዙ ዓመታት የተጠቀሙት በዚህ ነው፤ ነጭ ጉልላት መስሎ በጀርባቸው ላይ በሚታየው ውስጥ ያለው ይህ ነው። ትክክለኛነቱ ግን ከባድ ነው። በኬዩ ባንድ (14 ጊጋኸርዝ ገደማ) ለሚልኩ የመርከብና የአውሮፕላን አንቴናዎች በአሜሪካ ለዓመታት የተሠራበት ደንብ፣ የአነጣጠር ስህተት ከ0.2 ዲግሪ እንዳይበልጥ፣ ከ0.5 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ በ100 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ መላክ እንዲቆም ያዛል። ምክንያቱም የሳተው ጨረር የሚያርፈው ባዶ ሰማይ ላይ አይደለም፤ ጎረቤት ሳተላይት ላይ ነው። በዚያ ላይ ገመድ አለ። መርከቡ ወደ አንድ ወገን ደጋግሞ በዞረ ቁጥር ወደ ሳህኑ የሚሄደው ገመድ ይጠመዘዛል። ወይ በየጊዜው ግንኙነት አቋርጦ መፍታት፣ ወይ ውድ የሆነ የሚሽከረከር መጋጠሚያ መግጠም ያስፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን የአናቱ ችግር ነው፤ ለእኛም ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ከቻይና የመጠቀችውን 72 ኪሎ ግራም የምትመዝነውን የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1ን እንውሰድ። የምድር ጣቢያዋ እንጦጦ ላይ ነበር። ምሕዋሯ 628 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ስለነበር ፍጥነቷ በሰከንድ 7.5 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ልክ ከአናት በላይ ስትደርስ ከምድር ለሚከተላት በሰከንድ 0.7 ዲግሪ ገደማ ትንቀሳቀሳለች። ለማንኛውም ሞተር ቀላል ነው። ነገር ግን ባለ ሁለት ዘንጉ ዲሽ አናት ላይ ያለን ነገር የሚከተለው ዙሪያውን በመሽከርከር ነው። ሳተላይቷ ከአድማስ 85 ዲግሪ ከፍ ብላ ስታልፍ የዙሪያው ዘንግ በሰከንድ 8 ዲግሪ ያህል መዞር አለበት። 89 ዲግሪ ላይ ስታልፍ 40 ዲግሪ። ልክ አናት ላይ ስታልፍ ዲሹ በቅጽበት ግማሽ ዙር መዞር ይጠበቅበታል፤ ይህን የሚችል ሞተር የለም። መሐንዲሶች ሦስተኛ ዘንግ እየጨመሩ፣ ወይም ሁለቱን ዘንጎች አጋድመው እየገጠሙ ይወጡታል። ይህ ሁሉ ክብደት ነው፤ ክብደት ደግሞ ከመሬት ጣቢያ ይልቅ አውሮፕላን ላይ ይከፋል።

የአውሮፕላን ነገር ሲነሳ ስለ ምድር ወገብ የምለው ይጀምራል። አውሮፕላን ጀርባው ላይ የሚወጣ እብጠት ነዳጅ ይበላል፤ ስለዚህ አንቴናው አጭር መሆን አለበት። የመጀመሪያዎቹ ዲዛይነሮች መፍትሔ ሳህኑን ወደ ጎን ሰፊ፣ ወደ ላይ አጭር ማድረግ ነበር። ለምሳሌ ወርዱ 64 ቁመቱ 16 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንቴና በ14 ጊጋኸርዝ ወደ ጎን 2.3 ዲግሪ የሆነ ጠባብ ጨረር አለው፤ ወደ ላይና ወደ ታች ግን ጨረሩ 9 ዲግሪ ይሰፋል። አሜሪካና አውሮፓ ላይ ይህ ብዙ አያስቸግርም። በእነዚያ አገሮች ሰማይ ላይ በምድር ወገብ ዙሪያ የተደረደሩት ሳተላይቶች ወደ ደቡብ ዞሮ ለሚያይ ከግራ ወደ ቀኝ ተዘርግተው ይታያሉ። ጠባቡ የጨረር ወገን ጎረቤቶቹን ይለያል፤ ሰፊው ወገን የሚፈስሰው ሳተላይት ወደሌለበት ሰማይ ነው።

ወደኛ ሲመጣ ሰማዩ ተገልብጧል። የሳተላይቶቹ መስመር ከምሥራቅ አድማስ ተነስቶ በአናታችን አቅራቢያ አልፎ ወደ ምዕራብ ይወርዳል። ወደ ምዕራብ ያለ ሳተላይት ለሚፈልግ አውሮፕላን ጎረቤቶቹ የሚገኙት ከጎን ሳይሆን ከላይና ከታች ነው። ሰፊው 9 ዲግሪ ጨረር በሁለትና በሦስት ዲግሪ ርቀት በተደረደሩ ሳተላይቶች ላይ አንድ ላይ ያርፋል። በደንቡ መሠረት ኃይል መቀነስ ወይም መላክ ማቆም ግድ ይሆናል። አንቴናው አልተበላሸም፤ በብቃት ሠርቶ ያለፈው ፈተና የሌላ ኬክሮስ ፈተና ስለነበር ነው። በአዲስ አበባና በናይሮቢ፣ በሌጎስና በኪንሻሳ ሰማይ ላይ በይነመረብ ለሚሸጥ ሰው ይህ ከዋጋ ዝርዝሩ በፊት መነሳት ያለበት ጉዳይ ነው።

ብዙዎች መልሱን የሚያዩት በኤሌክትሮኒክስ አንቴና ውስጥ ነው። ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ በግማሽ ሞገድ ርቀት ትናንሽ አንቴናዎች ይደረደራሉ፤ ለእያንዳንዳቸው የሚሄደው ሲግናል በጥቂቱ እየዘገየ ወይም እየቀደመ ጨረሩ ይታጠፋል። ምንም አይንቀሳቀስም፤ ጨረሩ ከአንዱ ሳተላይት ወደ ሌላው በቅጽበት ይዘላል። ስታርሊንክ ይህን ከሺህ በላይ ትናንሽ አንቴናዎች ባሉት ሰሌዳ ወደ ተራው ሰው ጣሪያ አውርዶታል፤ ታላቅ የምሕንድስና ሥራ ነው። ግን ቁጥሩን እንቁጠር። በ14 ጊጋኸርዝ 60 ሴንቲ ሜትር ክብ ሰሌዳ 2,500 ያህል አንቴናዎች ይፈልጋል። በ30 ጊጋኸርዝ ከ11,000 ይበልጣል። እያንዳንዱ ከቺፕ ጋር ይገናኛል፣ ቺፑ ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ይሞቃል። ሙቀቱን ማስወጣት ብቻውን ሌላ ዲዛይን ነው። መብራት ከባትሪና ከሶላር ብቻ በሚገኝበት ጤና ጣቢያ እያንዳንዱ ዋት የሚታሰብበት ነው። ሰሌዳው ሲበላሽ ደግሞ ከመተካት በቀር ጥገና የለውም። የስታርሊንክ የመጀመሪያዎቹ ሰሌዳዎች እራሳቸው ከሥራቸው ሞተር እንደነበራቸውም ልብ ይሏል። ጨረሩ ከሰሌዳው ፊት ርቆ በታጠፈ ቁጥር ስለሚዳከም፣ ሰሌዳው ራሱ ሳተላይት ወደሚበዛበት ሰማይ እንዲያጋድል ይደረግ ነበር። ሞተሩ የቀረው በኋለኞቹ ሞዴሎች ነው።

በእነዚህ በሁለቱ መካከል፣ ብዙም ሳይወራለት የቆየ ሦስተኛ መንገድ አለ፤ በእኔ ግምት ለእኛ ሰማይ የተሻለው እሱ ነው። ሐሳቡ ሳህኑን ከማቀናት ይልቅ ጠፍጣፋ ዲስኮችን ባሉበት ማሽከርከር ነው። መነሻው ከዓይን ሐኪም ቤት ነው። የፊላደልፊያው የዓይን ሐኪም ሳሙኤል ራይዝሊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ የዓይን ጡንቻን ሚዛን ለመለካት ሁለት የተነባበሩ ፕሪዝሞችን ይጠቀም ነበር። እያንዳንዱ ፕሪዝም ብርሃንን በተወሰነ ዲግሪ ያጥፋል። ሁለቱ በተቃራኒ ሲዞሩ መታጠፉ ይጣፋል፤ በአንድ ወገን ሲገጥሙ እጥፍ ይሆናል፤ በመካከል ያለው ሁሉ በመሽከርከር ብቻ ይገኛል። ብርሃንም ሬዲዮም አንድ ዓይነት ሞገድ ስለሆኑ ይኸው ለአንቴና ይሠራል። ከሥር የማይንቀሳቀስ አንቴና ቀጥ ወደ ላይ ይልካል፤ ከላዩ ሁለት ዲስኮች እየዞሩ ጨረሩን ወደፈለጉት ያጥፉታል። ዲስኮቹ ውስጥ ኤሌክትሪክ የለም፤ የሚጠመዘዝ ገመድም የለም።

ከዚህ ጋር የሚዛመድና ለገበያ የበቃ ሌላ ዓይነት አለ፤ ካሊፎርኒያ የሚገኘው ቲንኮም የሚሠራው ነው። የታችኛው ዲስክ በሁለት ትይዩ የብረት ገጾች መካከል ሞገድ ያስኬዳል። የላይኛው ዲስክ እርስ በርሳቸው ትይዩ የሆኑ ረዣዥም ስንጥቆች አሉት፤ ሞገዱ ሲያልፍ ከእያንዳንዱ ስንጥቅ ጥቂት ጥቂት ይወጣል። የላይኛውን ዲስክ በታችኛው ላይ በጥቂቱ ሲያዞሩት ሞገዱ ስንጥቆቹን የሚያገኝበት ርቀት ይለወጣል፣ ከየስንጥቁ የሚወጣውም እርስ በርሱ ይቀዳደማል፣ ጨረሩም ወደ ላይ ወይም ወደ አድማስ ያጋድላል። ሁለቱን አንድ ላይ ሲያዞሯቸው ጨረሩ ዙሪያውን ይሄዳል። በሺህ የሚቆጠር ቺፕ የለም፤ ሞተሮቹ የሚያዞሩት ቀላል ዲስክ ስለሆነ ኃይላቸው ጥቂት ነው። ጎጎ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቱ-ኬዩ ብሎ ለአየር መንገዶች ያቀረበው አገልግሎት የተሠራው በእነዚህ ዲስኮች ነው፤ አንዱ ጥንድ ለመላክ፣ አንዱ ለመቀበል።

ዲስኩ ክብ መሆኑ ነው ለምድር ወገብ የሚያበቃው። 64 ሴንቲ ሜትር ዲስክ ከአድማስ 40 ዲግሪ ላይ ወዳለ ሳተላይት ሲልክ፣ ከዚያ አቅጣጫ የሚታየው ቁመቱ ወደ 41 ሴንቲ ሜትር ያንሳል፤ ጨረሩ በዚያ ወገን 3.7 ዲግሪ ይሆናል። አጭሩ ሳህን ከሚሰጠው 9 ዲግሪ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ግልጽ ነው። ሳተላይቱ ወደ አናት በቀረበ ቁጥር ደግሞ ዲስኩ ይበልጥ ይጎለብታል። ድክመቱ ዝቅ ባለ ሰማይ ላይ ነው፤ በ60 ዲግሪ ኬክሮስ በኦስሎና በሄልሲንኪ አካባቢ ሳተላይቱ ከአድማስ ከ22 ዲግሪ በላይ ስለማይወጣ ከዲስኩ ስፋት የሚጠቅመው ከአራት እጁ አንዱ ተኩል ያህል ብቻ ነው። የሰሜኑን ሰው የሚያስቸግረው እኛን አይነካንም።

ዲስኮቹ እንከን የለባቸውም ማለቴ አይደለም። የአናቱን ችግር ሙሉ በሙሉ አላመለጡም፤ ጨረሩ ልክ በዲስኩ መሐል ቀጥ ብሎ ሲቆም፣ ጥቂት ወዲያ ወዲህ ለማለት ዲስኮቹ ብዙ መዞር አለባቸው። ቀላል ስለሆኑ ከሳህን በፍጥነት ይዞራሉ እንጂ። በዲስኮቹ መካከል ያለው ክፍተትም እኩል ሆኖ መቆየት አለበት። የአፋር አቧራ ወይም የጋምቤላ እርጥበት ኩሽኔታ ውስጥ ቢገባ የመጀመሪያው የሚበላሸው እሱ ነው፤ ስለዚህ ሽፋኑ አየር የማያስገባ መሆን አለበት። የክረምት ዝናብ በ30 ጊጋኸርዝ ሲግናሉን መጣሉ ለማንኛውም አንቴና የማይቀር ነው፤ በኬዩ ባንድ ጉዳቱ ይቀንሳል።

አሁን ለራሳችን ብንነድፍ ምን እንደሚያስፈልገን እናስላ። በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ካለ ሳተላይት ጋር የሚገናኝ፣ ላንድክሩዘር ጣሪያ ላይ የሚገጠም አንቴና ይሁን። ሳተላይቱ ከሁመራ 61፣ ከሞያሌ 68፣ ከጅግጅጋ 70 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል፤ በምዕራብ ጫፍ በጋምቤላ ድንበር 60፣ በምሥራቅ ጫፍ በሶማሌ ክልል 76 ገደማ ነው። ስለዚህ መላ አገሪቱ ላይ ሳተላይቱ ከአናት የሚርቀው ከ14 እስከ 30 ዲግሪ ብቻ ነው። በመቶ 10 ያህል የሚወጣና የሚወርድ የተራራ መንገድ መኪናውን ወደ 6 ዲግሪ ያጋድለዋል። ይህን ስንደምርና ስንቀንስ ጨረሩ ከጣሪያው ቀጥታ የሚታጠፈው ከ8 እስከ 36 ዲግሪ ባለው መካከል ይሆናል። ከዲስኩ መሐል ይርቃል፣ ስለዚህ ያ ድንገተኛ ሽክርክሪት አይመጣም። ወደ አድማስም አይወርድም፤ በ36 ዲግሪ ላይ የሚጠፋው የዲስኩ ስፋት አንድ አምስተኛ ያህል ነው። በአውሮፓ የሚሸጥ አንቴና ወደ አድማስ ለመውረድ የሚሸከመውን ብረትና ሞተር እኛ መክፈል አይገባንም።

የራይዝሊ ፕሪዝም ዓይነቱ ዲስክ ደግሞ እዚሁ ሊሞከር ይችላል። ኤቢኤስ ከተባለው፣ በሦስት ገጽታ ማተሚያዎች ውስጥ ከተለመደው ፕላስቲክ፣ በ20 ጊጋኸርዝ ጨረሩን 18 ዲግሪ የሚያጥፍ 30 ሴንቲ ሜትር ሽብልቅ ብንሠራ ወፍራሙ ጠርዝ ከ14 ሴንቲ ሜትር በላይ ይሆናል፤ ይህ አይሆንም። ነገር ግን ሞገድ ሙሉ ዙር በዘገየ ቁጥር ከመነሻው ጋር እኩል ስለሆነ፣ ሽብልቁን በየ2.3 ሴንቲ ሜትር ውፍረቱ እየቆረጡ እንደ ኮንሶ እርከን መደርደር ይቻላል። ሁለት እንዲህ ያሉ ዲስኮች በአንድ ወገን ሲገጥሙ ጨረሩን እስከ 38 ዲግሪ ያጥፋሉ፤ ከላይ ካሰላነው 36 ይበልጣል። እርከኑ የተቆረጠው ለአንድ ፍሪኩዌንሲ ስለሆነ ለ30 ጊጋኸርዝ መላኪያ ሌላ ጥንድ ያስፈልጋል፣ በጠርዞቹም ላይ ጥቂት ጉልበት ይባክናል። ቢሆንም ሥራው ሁለት ትናንሽ ሞተሮች፣ ሁለት ትላልቅ ኩሽኔታዎች፣ ቺንጋና አንድ ማይክሮኮንትሮለር ነው። አምስት ኪሎም ሆነ ሌላ የምሕንድስና ትምህርት ቤት ለመመረቂያ ሥራ ቢሰጠው ተማሪዎቹ የሚለኩት ነገር ያገኛሉ፤ መጀመሪያ የሚለኩትም በየአንድ ዲግሪው የዲስክ ዙር ጨረሩ በእርግጥ ስንት ዲግሪ እንደታጠፈ፣ በየእርከኑም ስንት ዴሲቤል እንደጠፋ ይሆናል።